ኪራይ መክፈል ያቆመ ተከራይን በሕግ መንገድ ማስለቀቅ፦ የመጀመሪያ ጊዜ ተሞክሮዬ

ከቤት ኪራይ በሚያገኘው ገቢ የባንክ ብድር ለሚከፍል ሰው ተከራዩ መክፈል ሲያቆም ጭንቀቱ ከባድ ነው፤ ገቢው ይቋረጣል፣ የብድሩ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። እኔን ይህ የገጠመኝ ኪራዩን ለረጅም ጊዜ በወቅቱ ሲከፍል የቆየ ተከራይ መክፈሉን ባቆመ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ማንንም ከቤት አስለቅቄ ስለማላውቅ ምክር የጠየቅኋቸው ዘመዶቼና ጓደኞቼ ከሁለት አንዱን ይነግሩኝ ነበር፤ ከፊሎቹ «ቁልፉን ቀይርበት» ሲሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ «ሲያገኝ ይከፍልሃል፣ ታገሠው» ይሉኝ ነበር። ሁለቱንም አልተከተልኩም። ጉዳዩን ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስከ ፍርድ አፈጻጸም ድረስ በሕግ መንገድ ስለሄድኩበት፣ በዚያ መንገድ ላይ ያየሁትን እንደ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገጥመው አከራይ እጽፋለሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የቀን ገደቡንና የወረቀቱን ዓይነት የሚወስነው ቤቱ የሚገኝበት አገር ሕግ ነው፤ የሥራው ቅደም ተከተልና አከራዮች የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች ግን በብዙ አገር ይመሳሰላሉ።

በቅድሚያ መወሰን የነበረብኝ ከሁለቱ የቱን እንደማስቀድም ነበር፤ ቤቱን ወይስ ገንዘቡን? ያልተከፈለው ኪራይ ከነቤቱ የተወሰደ አንድ ነገር ሆኖ ስለሚታየን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ በሙሉ፣ ካላገኘን የተሸነፍን ይመስለናል። ነገር ግን ሁለቱ ጉዳዮች የተለያየ ጠባይ አላቸው። ውዝፉ ኪራይ በሰነድ እስከተረጋገጠና በይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለክስ የወሰነው የጊዜ ገደብ በማለፉ፣ እስካልታገደ ድረስ ተከራዩ ከወጣ በኋላም ሊጠየቅ ይችላል፤ ቤቱ ያለ ኪራይ የተያዘበት እያንዳንዱ ወር ግን ለሌላ ሰው ተከራይቶ ገቢ ሊያስገኝ የሚችል ወር ነበርና ተመልሶ አይገኝም። የድሮውን ዕዳ እጠብቃለሁ ብሎ ወራትን የሚያሳልፍ አከራይ የሚያደርገው ዕዳውን ማሳደግ ነው፤ ዕዳው ባደገ ቁጥር ደግሞ ተከራዩ ሊከፍለው የሚችልበት ዕድል ይጠባል። ስለዚህ ቤቱን አስቀደምኩ። በኋላ በድርድርም ሆነ በችሎት ፊት ለገጠመኝ ጥያቄ ሁሉ መልስ የሰጠሁት ከዚህ ውሳኔ ተነሥቼ ነው።

ይህ ማለት ግን የመጀመሪያው እርምጃ ክስ ነው ማለት አይደለም። ተከራዬን ቀጠሮ ይዤ አነጋገርኩት። ሥራው መቋረጡን ነገረኝ፣ ሲናገርም አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ «እባክዎ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ አላሳፍርዎትም» አለኝ። አመንኩት፤ አሁንም ያን ጊዜ የተናገረው ከልቡ እንደነበር አምናለሁ። ሆኖም በቅን ልቦና የሚናገር ሰውም የሌለውን ገንዘብ ሊከፍል ስለማይችል ጥያቄዎቼን በቁርጥ አቀረብኩ፦ ገቢ የሚያገኘው መቼ ነው፣ ከየት ነው፣ ከአሁን ጀምሮ በየወሩ ስንት መክፈል ይችላል? በመክፈያ ዕቅድ ላይ ስምምነት ሲደረግ መታየት ያለበት ዋና ነገር የሚከፈለው ገንዘብ የወሩን ኪራይ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ከውዝፉም ጥቂት የሚቀንስ መሆኑ ነው። የወሩን ኪራይ እንኳ የማይሸፍን ዕቅድ ዕዳውን በየወሩ ይጨምረዋል፤ እንዲህ ያለውን ባልፈረማችሁት ይሻላል።

ስምምነታችንን በአንድ ገጽ ጽፈን ሁለታችንም ፈረምንበት። በወረቀቱ ላይ እስከዚያ ቀን ያለው ውዝፍ በአኃዝና በፊደል ተጻፈ፤ ተከራዩም የዚህ ገንዘብ ዕዳ ያለበት መሆኑን አመነ፤ አንድ ክፍያ ካለፈ ስምምነቱ እንደሚቋረጥና አከራዩም ጊዜ በመስጠቱ ምክንያት ውሉን የማቋረጥ መብቱን እንዳልተወ ተገለጸ። የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈለ፣ ሁለተኛውን አልከፈለም። ዕቅዱ ቢፈርስም ወረቀቱ ከንቱ አልቀረም፤ በችሎት ፊት ዕዳውን ለማስረዳት ካቀረብኳቸው ማስረጃዎች ሁሉ ብዙ ክርክር ያስቀረልኝ ይህ የተከራዩ ፊርማ ያለበት አንድ ገጽ ነው።

በዚሁ ጊዜ አንድ ነገር መመርመር አለበት፤ ተከራዩ ያልከፈለው አከራዩ ግዴታውን ስላልተወጣ ይሆን? ጣሪያው የሚያፈስ፣ የውኃው መስመር የተበላሸ፣ ጥገናው በጽሑፍ ተጠይቆ መልስ ያላገኘ ከሆነ በብዙ አገር ሕግ ተከራዩ የኪራይ ቅነሳ ወይም ካሳ ሊጠይቅ፣ ወይም ይህንኑ ለክሱ መከላከያ አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ከመጻፌ በፊት ተከራዩ ያቀረባቸውን የጥገና ጥያቄዎች፣ የተሠሩበትን ቀንና የባለሙያዎቹን ደረሰኝ በአንድ ላይ ሰበሰብኩ። በእጃችሁ ያልተፈጸመ ጥገና ካለ መጀመሪያ እርሱን ፈጽሙ።

ቀጥሎ የመጣው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ከጉዳዩ ሁሉ ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ክፍል እንደሆነ ያስረዳኝ ለአንድ ጊዜ ምክር ከፍዬ ያነጋገርኩት ጠበቃ ነው። ክስ በብዙ ቦታ የሚወድቀው ተከራዩ ዕዳ ስለሌለበት ሳይሆን ማስጠንቀቂያው ጉድለት ስለተገኘበት ነው። በደብዳቤው ላይ የተከራዩ ስም በውሉ ላይ እንደተጻፈው ሆኖ፣ ውሉን ሌላ ሰው አብሮ ፈርሞ ከሆነም የእርሱ ስም ሳይቀር፣ የቤቱ ሙሉ አድራሻ፣ ያልተከፈለው የየትኛው ወር ኪራይ እንደሆነ፣ ድምሩ፣ የሚከፈልበት መንገድና የመጨረሻው ቀን፣ በዚያ ቀን ካልተከፈለ ውሉ እንደሚቋረጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ድምሩ ላይ በውል ያልተጠቀሰ ቅጣት፣ የመብራት ወይም የውኃ ሒሳብ፣ «ለተጉላላሁበት» የሚባል ገንዘብ አይጨመርም። ለምሳሌ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ከእውነተኛው ውዝፍ ኪራይ በላይ ከጠየቀ ማስጠንቀቂያው ጉድለት አለበት ተብሎ ክሱ ሊወድቅ ይችላል።

የቀን ገደቡም ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል። በዚያው በካሊፎርኒያ ተከራዩ እንዲከፍል ወይም እንዲለቅ የሚሰጠው ጊዜ ቅዳሜ፣ እሑድና ፍርድ ቤት የሚዘጋባቸው በዓላት ሳይቆጠሩ 3 ቀን ሲሆን በኒው ዮርክ ግዛት ግን 14 ቀን ነው። በጀርመን የሁለት ወር ኪራይ የሚያህል ውዝፍ ያለበትን ተከራይ ውል ወዲያውኑ ማቋረጥ ቢቻልም፣ ተከራዩ የክሱ ማመልከቻ ከደረሰው በኋላ በሁለት ወር ውስጥ ውዝፉን ሙሉ በሙሉ ከከፈለ ማቋረጫው በመርሕ ደረጃ ቀሪ ይሆናል። በፈረንሳይ ደግሞ ፍርድ ቢሰጥም እንኳ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ባለው የብርድ ወቅት ተከራይን በኃይል ማስወጣት በመርሕ ደረጃ የተከለከለ ነው። እነዚህን የምጠቅሰው ከሌላ አገር ወይም ከሌላ ከተማ በሰማችሁት ቀን ላይ ተመሥርታችሁ ደብዳቤ እንዳትጽፉ ነው። አንድ ቀን ያጎደለ ማስጠንቀቂያ ሂደቱን ከመጀመሪያው ሊያስጀምረው ይችላል፤ ጥርጣሬ ካለ ቀን ማብዛት ይሻላል።

ደብዳቤው መጻፉ ብቻ ሳይሆን መድረሱም መረጋገጥ አለበት። አንዱን ቅጂ ምስክር ባለበት በእጁ ሰጥቼው በሁለተኛው ቅጂ ላይ ከነቀኑ አስፈረምኩት፤ ሌላ ቅጂ ደግሞ በአደራ ፖስታ ልኬ ደረሰኙን አስቀመጥኩ። አልቀበልም የሚል ተከራይ ካጋጠማችሁ ሕጉ የሚፈቅደውን የአደራረስ መንገድ መጠቀምና ያንን በቃለ ጉባኤ ወይም በምስክር ማስያዝ ያስፈልጋል። በስልክ መልእክት ብቻ የተላከ ማስጠንቀቂያ በውሉ ላይ እንዲህ ይሁን ተብሎ ካልተስማማችሁበት በቂ ላይሆን ይችላል።

ማስጠንቀቂያው ከደረሰው በኋላ ተከራዬ በባንክ ሒሳቤ ጥቂት ገንዘብ አስገባ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ቦታ ከማስጠንቀቂያ በኋላ ከፊል ክፍያ መቀበል አከራዩ ማስጠንቀቂያውን እንደተወ ያስቆጥራል፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ገንዘቡ ከውዝፉ ይቀነሳል እንጂ ሂደቱን አያስቆምም። ገንዘቡን ሳልነካ ጠበቃውን ጠየቅኩ፤ በእኛ ሁኔታ መቀበል እንደሚቻል ካረጋገጠልኝ በኋላ ክፍያው ለቀደመው ወር ውዝፍ እንደተያዘና ማስጠንቀቂያው እንደጸና መሆኑን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በዚያው ቀን ለተከራዬ ጻፍኩ። በእናንተ ቦታ የሕጉ አቋም ተቃራኒ ከሆነ ገንዘቡን መመለስ ሊኖርባችሁ ይችላልና ገንዘብ ከመምጣቱ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የቀን ገደቡ አልፎ ተከራዩ ከቤቱ ሳይወጣ ሲቀር ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ምክር ይሰጣል፤ ቁልፉን መቀየር፣ መብራቱንና ውኃውን መዝጋት፣ ዕቃውን ወደ ውጭ ማውጣት። ይህን በሙሉ ልቤ የምቃወመው ነው። የቤቱ ባለቤት እኔ ብሆንም ቤቱ በሕጋዊ ውል የተሰጠ የተከራዩ ይዞታ ነው፤ ውሉ ተቋርጧል ብዬ እኔ ስላመንኩ ብቻ ያ ይዞታ በእኔ እጅ አይነጠቅም፣ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። በራሱ ኃይል የሚያስወጣ አከራይ በአንድ ቀን ውስጥ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ይሸጋገራል፤ ተከራዩ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ሊታዘዝ፣ ካሳ ሊጠየቅ፣ በብዙ አገርም በወንጀል ሊከሰስ ይችላል፤ ጠፋ የተባለ ዕቃ ካለም አልወሰድኩም ብሎ ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው። ከሕጉም ባሻገር በዚያ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ነበሩ። ሌሊት በጨለማ እንዲያድሩ አድርጌ የማገኘው ቤት ምን ዓይነት ቤት ይሆን ነበር? ለሥራ ባልደረቦቹ ወይም ለጎረቤት ዕዳውን መናገር፣ በየሰዓቱ መደወል፣ ሳያሳውቁ ወደ ቤቱ መግባትም ከዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው። ከማስጠንቀቂያው በኋላ ከተከራዬ ጋር የምነጋገረው በጽሑፍ ብቻ ሆነ፤ የምጽፈውም ዳኛ ቢያነበው በማላፍርበት ቋንቋ ነበር።

ክሱን ለማቅረብ የሰበሰብኳቸው ሰነዶች የኪራይ ውሉ፣ የባለቤትነት ማረጋገጫው፣ ማስጠንቀቂያው ከነማድረሻ ማስረጃው፣ የዕዳ ስምምነቱ፣ የባንክ መግለጫዬና ኪራዩ መከፈል የነበረበትን ቀን፣ የተከፈለበትን ቀንና የቀረውን ሒሳብ በወር በወር የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ናቸው። ሠንጠረዡ ሕግ የሚጠይቀው ሰነድ ባይሆንም ዳኛው ጉዳዩን በአንድ እይታ እንዲረዱት አድርጓል። ውሉ በቃል ብቻ የሆነ ወይም ሕጉ የሚጠይቀው ምዝገባ ያልተፈጸመለት አከራይ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ በኢትዮጵያ ለምሳሌ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚፈጸምባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ክስ ከማሰብ በፊት ይህ መሟላቱን ማረጋገጥ ይገባል።

በክስ ማመልከቻው ላይ የምትጠይቁት ዳኝነት ሙሉ መሆን አለበት። ውሉ እንዲቋረጥ፣ ተከራዩ ቤቱን እንዲያስረክብ፣ ውዝፉን እንዲከፍል መጠየቅ ማንም የሚያስታውሰው ነው። የሚረሳው ከክሱ ቀን ጀምሮ ቤቱን እስኪለቅ ድረስ ለሚኖርበት ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብና የክስ ወጪ ነው። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይፈርድም፤ ሂደቱ ወራት ከወሰደ ደግሞ ይህ የተረሳው ገንዘብ ከመጀመሪያው ውዝፍ ሊበልጥ ይችላል። ማመልከቻውን ራሴ ጽፌ ጠበቃው አረመልኝ፤ ተከራዩ ዕዳውን ቢክድ ወይም የመከላከያ ክርክር ቢያነሣ ግን ጠበቃ እንዲቆምልኝ ወስኜ ነበር። ከዚህ በኋላ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው መጥሪያ ማድረስ ነው፤ የተከራዩን የሥራ ሁኔታና በቤት የሚገኝበትን ሰዓት ለመጥሪያ አድራሹ ማስረዳት ቀጠሮ እንዳይባክን ይረዳል።

በቀጠሮው ቀን ተከራዬ ቀረበ። ዕዳውን አልካደም፣ ጊዜ እንዲሰጠው ጠየቀ። ዳኛው ለመስማማት ፈቃደኛ መሆኔን ሲጠይቁኝ አስቀድሜ ቤቱን ለማስቀደም ስለወሰንኩ መልሴ ዝግጁ ነበር፤ የሚወጣበት ቁርጥ ቀን ካለና በዚያ ቀን ንጹሕ አድርጎ ካስረከበኝ ከውዝፉ ከፊሉን እንደምተውለት፣ የቀረውን ግን በየወሩ እንዲከፍለኝ ሐሳብ አቀረብኩ። ተስማማን። አንዳንድ ወዳጆቼ መብትህን ሸጥክ ብለውኛል፤ እኔ ግን ሥራ ከሌለው ሰው ላይ ሙሉ ዕዳውን የሚያስፈርድ ውሳኔ ይዤ ቤቴን ለተጨማሪ ወራት ከማጣ ይህን መርጫለሁ፣ ዛሬም ቢሆን እንዲሁ አደርጋለሁ። ዋናው ጥንቃቄ ስምምነቱ በኮሪደር በቃል ወይም በግል ወረቀት ብቻ እንዳይቀር ነው። በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሮ እንደ ፍርድ እንዲጸድቅ ጠየቅን፤ እንዲህ የጸደቀ ስምምነት ቢጣስ አዲስ ክስ ሳያስፈልግ በቀጥታ አፈጻጸም ይጠየቅበታል።

ይህም አስፈለገ። የተስማማንበት ቀን ሲደርስ ሌላ ቤት እንዳላገኘ ገልጾ ተጨማሪ ጊዜ ለመነኝ። ቀኑን በቃል ማራዘም ስምምነቱን እንዳያላላው ስለሰጋሁ ጊዜ መጨመር እንደማልችል በአክብሮት ነግሬው የአፈጻጸም ማመልከቻ አቀረብኩ። ብዙ አከራዮች ፍርድ በእጃቸው ከገባ በኋላ ሄደው በሩን መክፈት የሚችሉ ይመስላቸዋል፤ ፍርዱን የሚያስፈጽመው ግን ፍርድ ቤቱ የሚያዝዘው የአፈጻጸም ሠራተኛ ነው፣ አስፈላጊ ሲሆንም ፖሊስ ይገኛል። የአከራዩ ድርሻ በዕለቱ መገኘት፣ ቁልፍ ሠሪ ማዘጋጀት፣ ዕቃው በዝርዝር ሲመዘገብ መፈረምና ከክርክር መራቅ ነው። በእኔ ጉዳይ የአፈጻጸሙ ትእዛዝ ለተከራዬ ከደረሰው በኋላ ሠራተኛው ከሚመጣበት ቀን በፊት ቤት አግኝቶ ለቀቀ። ለዕቃ መጫኛ መኪና ኪራይ ሲቸገር ወጪውን እኔ ሸፈንኩለት፤ ቤቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መለቀቁ ከዚያ ወጪ በላይ ይጠቅመኝ ነበር፣ ለእርሱም ከልጆቹ ጋር በክብር የሚወጣበት መንገድ ሆነለት።

ርክክቡን ባዶ ቤት ውስጥ አብረን አደረግን። እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አነሣን፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪውን ንባብ መዘገብን፣ ቁልፎቹን ቆጥሬ ተቀበልኩና ሁለታችንም የርክክብ ሰነዱን ፈረምን። በማስያዣነት ከያዝኩት ገንዘብ ላይ ያልተከፈለ የመብራትና የውኃ ሒሳብ እና የአንድ የተሰበረ በር ጥገና ተቀንሶ የቀረው ለውዝፉ እንዲውል ከነደረሰኙ በጽሑፍ አሳወቅኩት። ቀለም መደብዘዙንና በአገልግሎት ብዛት የመጣ ማርጀትን በእርሱ ላይ አላሰብኩም፤ ሕጉም በአብዛኛው አይፈቅድም። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ጥቂት ዕቃ ትቶ ስለነበር ዘርዝሬ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ እንዲወስድ ቀን ወስኜ ጻፍኩለት። ተከራይ የተወውን ዕቃ ያለ ማስታወቂያ መጣል ወይም መሸጥ የተጠናቀቀ ጉዳይ እንደገና ክስ እንዲወልድ የሚያደርግ ነገር ነው።

የቀረውን ውዝፍ አዲስ ሥራ ካገኘ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየከፈለ ነው፤ በዘገየባቸው ወራት በፍርዱ መሠረት ደመወዙን ማስያዝ የምችል መሆኑን ሁለታችንም ስለምናውቅ ንግግራችን አጭርና ሰላማዊ ነው።

ቤቱን ለአዲስ ተከራይ ስሰጥ በውሉ ላይ ያስገባኋቸው ነጥቦች ከዚህ ሂደት የተገኙ ናቸው። ኪራይ የሚከፈልበት ቁርጥ ቀንና በባንክ ብቻ መሆኑ፣ ማስጠንቀቂያ ሊላክበት የሚችለው የፖስታ፣ የስልክና የኢሜይል አድራሻ፣ በቤቱ የሚኖሩት ዐዋቂዎች ሁሉ ፈራሚ መሆናቸው፣ ዋስ መኖሩ፣ የመጀመሪያው የቤት ሁኔታ በፎቶ ከውሉ ጋር መያያዙ በግልጽ ሰፍረዋል። ከመፈራረማችን በፊትም የተከራዩን የገቢ ማስረጃና የቀድሞ አከራዩን ምስክርነት ጠይቄያለሁ። ኪራዩ የሚከፈልበት ቀን ባለፈ ማግሥት አጭር የጽሑፍ ማስታወሻ እልካለሁ፤ በሕጉ የተፈቀደው የመዘግየት ጊዜ ካለፈ ደግሞ በንግግር ላይ ብንሆንም እንኳ ሕጋዊው ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው አደርጋለሁ፤ ድርድሩም የማስጠንቀቂያው ቀን እየተቆጠረ ጎን ለጎን ይቀጥላል።